ተራራውን ከመብሳት በፊት ውሃውን መጠየቅ

ለክቡር የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ክቡር ሆይ፤ ከዚህ በታች የተጻፈውን አሳቤን ለአንባብያን ደብዳቤ በተመደበው ዓምድ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

የማመለክተው ጉዳይ በተራራ ሆድ ውስጥ ስለሚሠራው ሥራ፣ ይኸውም ስለ ዋሻ መንገድና ስለ ማዕድን ጉድጓድ፣ በተለይም በዚህ ሥራ ላይ መሬትና ውሃ ተባብረው ስለሚያመጡት አደጋ ነው። ነገሩ የመሐንዲሶች ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን አይደለም። ቆፋሪው ባለ ዶማው ወይም ባለ መኪናው ይሁን እንጂ፣ ፈቃዱ የሚፈረመው፣ በጀቱ የሚያዘው፣ የጥናቱ ወረቀት የሚነበበው ወይም ሳይነበብ መዝገብ ቤት የሚገባው በመሥሪያ ቤት ውስጥ ነው። ስለዚህ ይህን የምጽፈው በተለይ ለመንግሥት ሠራተኞች ወንድሞቼና እኅቶቼ ነው።

እኛ በኮምቦልቻና በደሴ የምንኖር ሰዎች ተራራን በወሬ የምናውቅ አይደለንም። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ያህል ላይ ተቀምጠው፣ በሁለቱ መካከል ሐረጎን ስንወጣና ስንወርድ ዕድሜያችንን እናሳልፋለን። ክረምት በገባ ቁጥር ከገደሉ ላይ ትናንት ያልነበረ ምንጭ ሲፈልቅ፣ የመንገድ ጠርዝ ሲሰነጠቅ፣ አጥርና ግንብ ሲያዘሙ እናያለን። ይህንኑ ተራራ በሁለት ዓይነት ሰዎች እጅ ሲበሳ አይተናል።

የመጀመሪያው የባቡሩ ሥራ ነው። ያፒ መርከዚ የተባለው የቱርክ ኩባንያ በ2004 ዓ.ም. ውል ፈርሞ፣ በ2007 ዓ.ም. ሥራውን ጀምሮ፣ ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል እስከ ሐራ ገበያ የሚደርሰውን 390 ኪሎ ሜትር ያህል የባቡር ሐዲድ ሲዘረጋ፣ መስመሩ ከቆላው ወደ ደጋው ዳርቻ የሚወጣ በመሆኑ 12 ዋሻዎች አስፈልገውታል። ባቡሩ መደበኛ አገልግሎት ሳይጀምር በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ኮምቦልቻ ድረስ ደርሶ በሥራው ላይ ጉዳት ማስከተሉን ሁሉም ያውቃል። የኔ ነገር ግን ስለ ባቡሩ መዘግየት ሳይሆን ስለ ዋሻዎቹ ነው። እነዚህ ዋሻዎች የተበሱት መሬቱ አስቀድሞ በመቆፈሪያ መኪና እየተመረመረ፣ ጣሪያው በየእርምጃው እየተደገፈ፣ ውሃው መውጫ እየተበጀለት ነው።

ሁለተኛው የደላንታ ነው። ከደሴ በስተ ሰሜን ምዕራብ በሚገኘው በደላንታ ወረዳ፣ በወገል ጤና አካባቢ፣ በ2000 ዓ.ም. ግድም ኦፓል የተባለው የከበረ ድንጋይ ከተገኘ ወዲህ፣ የገበሬ ልጆች ከገደሉ ወገብ ላይ በዶማ፣ በዲጂኖና በመዶሻ እየፈለፈሉ ወደ ተራራው ሆድ ይገባሉ። ድንጋዩ የሚገኘው ከባዱ አለት ከላይ በተጫነው፣ ከእሳተ ገሞራ አመድ በተሠራ ቀጭን ንጣፍ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ቆፋሪው ንጣፉን ተከትሎ በጎን ይገባል እንጂ ከላይ ወደ ታች አይወርድም። ሲገባም ጣሪያውን የሚደግፍለት ነገር ብዙ ጊዜ የለውም። በ2016 ዓ.ም. በጥር ወር መጨረሻ ጉድጓዱ ተደርምሶ ሃያ ያህል ሰዎች ከውስጥ መቅረታቸው በዜና ተነግሯል፤ ወገኖቻቸውም በእጅ መሣሪያ እየቆፈሩ ሊደርሱላቸው ሲደክሙ ሰንብተዋል።

እንግዲህ በአንድ ዞን ውስጥ፣ ከአንድ ዓይነት አለት፣ ከአንድ ዝናብ በታች፣ ሁለት ዓይነት ቁፋሮ አለ ማለት ነው። በአንደኛው በኩል ዕውቀቱ ገንዘብ ተከፍሎበት ከባሕር ማዶ መጥቷል። በሌላው በኩል ደግሞ ቆፋሪው ያለው ጉልበቱና ድፍረቱ ብቻ ነው። የዚህ ደብዳቤ ቁም ነገር አንድ ነው፤ ከመሬት በታች ሰውን የሚያድነው ዕውቀት እዚሁ በእጃችን ሳለ፣ ከሐዲዱ ዳር ወደ ደላንታ ገደል አላደረስነውም። ይህን ማድረስም የመሥሪያ ቤቶቻችን ግዴታ ነው።

ዕውቀቱ ምን እንደሆነ በአጭሩ ላስረዳ። የወሎና የሰሜን ሸዋ ተራራ አንድ ወጥ ድንጋይ አይደለም። በጥንት ዘመን ቅላጭ ድንጋይ ደጋግሞ እየፈሰሰ፣ በመካከሉም አመድ እየወረደና አፈር እየሆነ የተደራረበ፣ እንደ እንጀራ ንብብር ያለ ነው። ጥቁሩ ድንጋይ ብዙ ስንጥቅ ስላለው የክረምቱን ውሃ ወደ ውስጥ ያሳልፋል። አመዱና ቀይ ሸክላው ግን አያሳልፍም፤ ስለዚህ ውሃው በላዩ ይጠራቀማል፤ ሸክላውም ይርሳል፣ ያብጣል፣ ይሟልጣል። ከገደሉ ላይ ምንጮች በአንድ መስመር ተሰልፈው የምናያቸው በዚህ ምክንያት ነው።

ውሃው ሁለት ዓይነት ክፋት ይሠራል። አንደኛው ክብደቱና ግፊቱ ነው። በስንጥቅ ውስጥ 100 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ ቆሞ ከሆነ፣ ከሥሩ ባለው በያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 100 ቶን ይገፋል፤ ቆፋሪው ሳያውቅ ያንን ስንጥቅ ሲነካው ውሃው ጭቃና ድንጋይ ይዞ ይወጣበታል። ሁለተኛው ክፋት ድምፅ የለውም። ድንጋይና ድንጋይ ተያይዘው የሚቆሙት እርስ በርሳቸው ተጭነው ነው፤ በመካከላቸው የገባው ውሃ ሲገፋቸው ያ መተሳሰር ይላላል፤ ትናንት የቆመው ጣሪያ ዛሬ ያለ ዝናብ ይወርዳል። በነሐሴ የገባ ውሃ እስከ ጥቅምትና ኅዳር እየተንሸራሸረ ስለሚቆይ፣ የረጠበ ሸክላም ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ ስለሚላቀቅ፣ "በጋ ነውና አያሰጋም" ማለት ከንቱ ነው። የደላንታው ናዳ በጥር መድረሱን ልብ ይሏል።

በኦፓል ላይ ደግሞ ልዩ ነገር አለ። ኦፓል ራሱ በውስጡ ውሃ የያዘ ድንጋይ ነው። የተፈጠረውም ውሃ ከእሳተ ገሞራው አመድ ውስጥ ሲሊካውን አሟምቶ በየቀዳዳው ስላስቀመጠው ነው። ስለዚህ ኦፓል ያለበት ቦታ ሁሉ ውሃ ያለፈበት ቦታ ነው። ወጣቱ የሚከተለው የሀብቱ መንገድና የውሃው መንገድ አንድ ናቸው። እንዲህ ያለ ሥራ ከማንኛውም ቁፋሮ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚገባው በዚህ ነው።

ባለሙያዎቹ ይህን ጠላት እንዴት ይይዙታል? በመጀመሪያ ከፊት ለፊታቸው ረጅምና ቀጭን ቀዳዳ በስተው ከሚመጣው መሬት ውስጥ ውሃ መኖር አለመኖሩን ይጠይቃሉ። ውሃ ካለ በዚያው ቀዳዳ ቀስ ብለው ያፈሱታል፣ ወይም ስሚንቶ በግፊት አስገብተው ስንጥቁን ይደፍኑታል። ከዚያ ጥቂት ሜትር ብቻ ቆፍረው፣ ሳይውል ሳያድር ጣሪያውን በሚረጭ ስሚንቶ፣ በረጃጅም የብረት ችንካርና በብረት ቅስት ይይዙታል። ግድግዳው በቀን ስንት ሚሊ ሜትር እንደተንቀሳቀሰ እየለኩ ይመዘግባሉ፤ እንቅስቃሴው ከበዛ ሥራው ይቆማል። የጥበቡ ሥር ትዕግሥት ነው፤ መጠየቅ፣ መደገፍ፣ መለካት፣ ማፍሰስ።

ይህን ጥበብ የያዙትም ቢሆኑ ተራራውን ሁልጊዜ አያሸንፉትም። በአገራችን የግልገል ጊቤ ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ጣቢያ ውሃውን የሚያገኘው በ26 ኪሎ ሜትር ዋሻ ነው። በ1999 ዓ.ም. መጀመሪያ ግፊት ያለው ጭቃ ከፊት ወጥቶ ትልቁን የመቆፈሪያ መኪና ወደ ኋላ ገፍቶ ጎድቶታል፤ ሥራውም ከታሰበለት ጊዜ ብዙ ዘግይቷል። በጥር 2002 ዓ.ም. ተመርቆ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ደግሞ ከዋሻው አንዱ ክፍል ተደርምሶ ጣቢያው ቆመ፤ እንደገና ሥራ የጀመረው በ2003 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ነው። 420 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ለአንድ ዓመት ያህል ሥራ ፈታ ማለት ነው። ከዚህ የምንማረው ሪባን የተቆረጠበት ቀን የዋሻ ሥራ ያለቀበት ቀን አለመሆኑን ነው።

ከባሕር ማዶም አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1908 ዓ.ም. በሐምሌ ወር፣ በስዊስ አገር የሎችበርግን የባቡር ዋሻ የሚቆፍሩ ሠራተኞች ከአንድ ሸለቆ በታች ሲደርሱ፣ ከላያቸው ያለው አለት ነው ተብሎ የታሰበው ነገር በውሃ የተሞላ አሸዋና ጠጠር ሆኖ ተገኘ። በአንድ ጊዜ ወርዶ 25 ሰዎች ቀበረ። መስመሩ ተጠምዝዞ በሌላ በኩል እንዲያልፍ ተደረገና ዋሻው በ1913 ተከፈተ። ስዊሶች ገንዘብም ዕውቀትም አልጎደላቸውም፤ የጎደለው ከሸለቆው በታች ያለውን መሬት ቀዳዳ በስቶ አስቀድሞ መጠየቅ ነበር።

የኛም መንገድ በዚህ ትምህርት የተሞላ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚመጣ ሰው ሁሉ የሚያልፍበት የጣርማ በር ዋሻ፣ 600 ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ በጣልያን ወረራ ዘመን ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተበሳ ነው። ከዚያው ተዳፋት ሥር፣ በደብረ ሲና አካባቢ በይዛባ ወይንና በሾተል አምባ፣ በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ የክረምቱ ውሃ ያራሰው መሬት ተንሸራትቶ የብዙ ገበሬ ቤትና ማሳ ይዞ ሄዷል። ወደ ሰሜን አለፍ ብሎ ደግሞ ላሊበላ አለ። ከ800 ዓመት በፊት እነዚያን አብያተ ክርስቲያናት ከአለት የፈለፈሉት አባቶች ቤተ መቅደሱን ብቻ አልጠረቡም፤ ዙሪያውን የውሃ ማስወገጃ ቦይ አብረው ፈልፍለዋል። ከሕንፃው እኩል ለውሃው መንገድ አስበዋል ማለት ነው። እንግዲህ ይህ ጥበብ ከውጭ የምንለምነው እንግዳ ነገር ሳይሆን በገዛ ወሎ አለት ላይ የተጻፈ ነው።

አንዳንድ ሰዎች "እነዚያ ልጆች ድሆች ናቸው፤ ቁጥጥር ብታበዛባቸው እንጀራቸውን ትዘጋለህ" ይላሉ። እኔም ሥራው ይከልከል አልልም። መሬት ያነሰው ገበሬ ልጅ ከገደሉ ላይ እንጀራ ቢያገኝ ደስ ይለኛል፤ ክልከላ ደግሞ ቁፋሮውን ወደ ሌሊት ይወስደዋል እንጂ አያስቀረውም። ሌሎች ደግሞ "ተራራውን ከእነርሱ በላይ የሚያውቅ የለም" ይላሉ። ኦፓሉ የት እንዳለ ማወቁን አዎን፤ እነርሱን የሚያህል የለም። ከላያቸው ያለው ስንጥቅ ምን ያህል ውሃ እንደያዘ ግን በልምድ ብቻ አይታወቅም፤ ልምዱ የሚገኘው ጣሪያው ሲወርድ ነውና፣ ያን ጊዜ የተማረውን ለሌላ የሚነግር አይተርፍም።

ባለሙያ ያላቸው ትልልቅ ሥራዎች ያወጡትን ያህል ገንዘብ ለማውጣት አይቻልም፤ አያስፈልግምም። በትንሽ ገንዘብ ሊሆኑ የሚችሉትን ግን እዘረዝራለሁ።

አንደኛ፤ የማዕድን ሥራ አዋጅ ቁጥር 678/2002 ለባህላዊ አምራቾች ፈቃድ መስጠትን ለክልሉ የተወ ስለሆነ፣ ፈቃድ የሚፈርመው መሥሪያ ቤት ከመፈረሙ በፊት አንድ የመሬት ባለሙያ ጉድጓዱን በዓይኑ እንዲያይና እንዲጽፍ ያድርግ። ምርመራው ከክረምት በኋላ በየዓመቱ ይደገም። ያልታየ ጉድጓድ ማኅተም አይመታለት።

ሁለተኛ፤ የጉድጓዱ ወለል ወደ ውስጥ ሲሄድ በየ100 ሜትሩ ከግማሽ እስከ አንድ ሜትር ከፍ እያለ እንዲቆፈር፣ በዳሩም ትንሽ ቦይ እንዲወጣለት ይታዘዝ። እንዲህ ከሆነ ውሃው ያለ ሞተር በራሱ ይወጣል። ይህ የሚጠይቀው ወጪ ቢኖር ውሃ ልክና ሲባጎ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፤ ጣሪያው በእንጨት ይደገፍ። በደጋው ላይ ባሕር ዛፍ አለ። ሁለት ምሰሶና አንድ አግዳሚ በየአንድ ሜትሩ ቢቆም፣ ከአንድ ደህና የኦፓል ፍሬ ዋጋ የሚበልጥ አይደለም። የማኅበሩ ሕግ ያልተደገፈ ጣሪያ ሥር የገባውን አባል የሚቀጣ ይሁን። በጎረቤት ጉድጓዶች መካከል ሳይነካ የሚቀር የድንጋይ ግንብ ይተው፤ የዳር ምሰሶውን ፈልፍሎ መውሰድ የራስን ቤት ማገር እንደማንደድ ነው።

አራተኛ፤ ምልክቶቹን ሁሉም ይወቅ። ጥርት ብሎ ሲንጠባጠብ የነበረው ውሃ ከደፈረሰ፣ ጠብታው ከበዛ ወይም በድንገት ከቆመ፣ ትናንሽ ጠጠር ከጣሪያው መርገፍ ከጀመረ፣ ድጋፉ እንጨት ከተንጣጣ፣ መሣሪያውን ጥሎ መውጣት ነው። ይህን አራት መስመር ማስታወቂያ በየጉድጓዱ አፍ ላይ መለጠፍ፣ ማንበብ ለማይችለውም በስብሰባ መንገር የአንድ ቀን ሥራ ነው።

አምስተኛ፤ በየጉድጓዱ አፍ ላይ የገባና የወጣ የሚመዘገብበት ደብተር ይኑር። አደጋ በደረሰ ቀን "ስንት ሰው ነበር?" ተብሎ በግምት መነጋገር እጅግ ያሳፍራል። የተተወ ጉድጓድም በድንጋይ ይዘጋ፤ ክፍት ጉድጓድ የክረምት ውሃ ጠራቅሞ በጎረቤቱ ላይ ይለቃልና።

ስድስተኛ፤ በወገል ጤና ወይም በደሴ የማዳኛ ዕቃ የሚቀመጥበት አንድ መጋዘን ይቋቋም። ቧንቧ፣ የውሃ መሳቢያ ሞተር፣ መብራት፣ የተዘጋጀ እንጨት፣ ዕቃውንም የሚያውቁ የሠለጠኑ ሰዎች ይኑሩት። በኅዳር 2016 ዓ.ም.፣ ከደላንታው ናዳ ሦስት ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ በህንድ አገር በሲልክያራ የመንገድ ዋሻ ተደርምሶ 41 ሠራተኞች ከውስጥ ቀርተው ነበር። በቧንቧ አየርና ምግብ እየተላከላቸው 17 ቀን ቆይተው ሁሉም በሕይወት ወጡ። ትልቁ መኪና ከተሰበረ በኋላ የመጨረሻውን ጥቂት ሜትር የበሱት እንደ ደላንታ ልጆች በእጃቸው የሚቆፍሩ ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ የእጅ ቆፋሪ የሚናቅ አይደለም፤ ቧንቧው፣ እንጨቱና ሥርዓቱ ከተጨመረለት ሰው ያድናል።

ሰባተኛ፤ የባቡሩ መስመር ሲጠና ከመሬት የወጣው የቁፋሮ ናሙናና የተጻፈው መዝገብ የአገር ሀብት ነው። ቅጂው ለወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ በተለይም እዚሁ ኮምቦልቻ ላለው የቴክኖሎጂ ተቋም ይሰጥ። የምህንድስና ተማሪዎቹም በየዓመቱ የተወሰነ ጊዜ ደላንታ ወጥተው የተማሩትን ከቆፋሪዎቹ ጋር እንዲሠሩበት ይደረግ። ተማሪው ከመጽሐፍ ያላገኘውን ከገደሉ ያገኛል፤ ቆፋሪውም ከገደሉ ያላገኘውን ከተማሪው ያገኛል።

ስለ ባቡሩ ዋሻዎችም አንድ ቃል ልጨምር። ባቡሩ ባይሮጥም ውሃው ይሮጣል። የዋሻ ቦይ በደለልና በቅጠል ከተደፈነ፣ ውሃው ከግድግዳው በስተጀርባ ይቆማል፤ የቆመ ውሃ ደግሞ ከላይ እንደተናገርሁት ይገፋል። አገሪቱ በብድር ያሠራችው ሥራ ሐዲዱ እስኪዘፈንለት ድረስ ጠባቂ ሳይኖረው መቆየት የለበትም። ከክረምት በፊትና በኋላ ቦዮቹን የሚጠርግ፣ ስንጥቆቹን ለክቶ የሚጽፍ ሠራተኛና ለዚሁ የተለየ በጀት ያስፈልጋል። በጀት በሚያዝበት ጊዜ "ጥገና" የሚለው መስመር መጀመሪያ የሚሰረዝ መሆኑን በመሥሪያ ቤት ያላችሁ ሁሉ ታውቃላችሁ፤ በዋሻ ላይ ሲሰረዝ ግን የሚሰረዘው ጣሪያው ነው።

አደጋ በደረሰ ቁጥር ሐዘንተኛውን ማጽናናት፣ እርዳታ ማሰባሰብ መልካም ልማዳችን ነው። ነገር ግን ጅብ ከሄደ የሚጮህ ውሻ ቤት አይጠብቅም። ሕዝቡ ከለቅሶው በኋላ ሊሰማው የሚገባ አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም የናዳው ምክንያት በባለሙያ ተመርምሮ፣ በግልጽ ተጽፎ፣ ለቆፋሪዎቹ ማኅበራትና ለጋዜጣ መሰጠቱ ነው። ያልተጻፈ አደጋ ይደገማል፤ የሞቱትም ሰዎች ሳያስተምሩን ያልፋሉ።

ይህን ስል የደከሙትን ባለሥልጣኖችና ባለሙያዎች ለመንቀፍ አይደለም። የወረዳ ጽሕፈት ቤት መኪናና ባለሙያ እንደሚያጥረው አውቃለሁ። ሆኖም ከላይ ከዘረዘርኋቸው ውስጥ ብዙዎቹ ከመኪናና ከውጭ ምንዛሪ ይልቅ ትእዛዝ፣ ክትትልና አንድ ደብተር የሚጠይቁ ናቸው። በደላንታ ገደል ላይ ዲጂኖውን ይዞ ዛሬ ጠዋት የገባው ወጣት ፈቃዱን የፈረመለትን ሰው ስም ላያውቅ ይችላል፤ ፈራሚው ግን የወጣቱን ስም በደብተር ማወቅ አለበት። የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች መጪው ክረምት ከመግባቱ በፊት ይህንን እንዲያስቡበት በአክብሮት አሳስባለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፤

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር

ከኮምቦልቻ